የቀፎው ጥግ አልገጥም አለ

ሰኔ 9፣ ጠዋት 2፡30
ደብተሬ፣ ዛሬም ጂጉ ላይ ነኝ፤ ጥርሱን ሁሉ በእኩል ልክ የሚያስቆርጠን መሣሪያ። ሃያ የሣጥን ቀፎ፣ ለእያንዳንዱ አራት ጥግ፣ ጥጉ ሁሉ እንደ ሁለት እጅ ጣቶች ተጠላልፎ የሚገጥም። በመሮ እየቦረቦርን የት እንደርሳለን? ነገሩ ቀላል ነው። መጋዝ ማሽኑ ላይ የሚንሸራተት ጣውላ፣ ጣውላው ላይ አንዲት ችካል። የመጀመሪያውን ጥርስ ትቆርጣለህ፣ የተቆረጠውን ችካሏ ላይ ታስቀምጣለህ፣ ቀጣዩን ትቆርጣለህ። ችካሏ ልክ ካልሆነች ስህተቱ በየጥርሱ ይደመራል፣ አሥረኛው ላይ ጉድህ ይወጣል።
ችካሏን ከዋንዛ ቁራጭ አወጣሁ። ሸሪኬ ኦሞድ አገላብጦ አያትና ይሄ እንጨት ገና... ብሎ ጀመረ። አማርኛው ቀስ ይላል፣ እኔ ደግሞ መጠበቅ አልችልም። ገና አልተላገም፣ አውቃለሁ አልኩና ላግኋት። ወደ ጣውላው ተመለሰ። ውጭ ዝናብ፣ ዝናብ፣ ዝናብ።

ሰኔ 11፣ ከሰዓት
ሙከራ። ሁለት ቁራጭ ቆረጥኩ፣ ገፋ አደረግሁ፣ ገባ። ያለ ኮላ! መሬት ላይ ወረወርኩት፣ አልተላቀቀም። ልፈነድቅ ነው። ኦሞድ ደጋግሞ ችካሏን ይነካካል። ቅናት መሰለኝ። መብራት ሁለቴ ጠፋ፣ እሱንም ረገምኩ።

ሰኔ 16፣ ከሰዓት 10፡00
ተቃጥያለሁ። ዝናቡ ካቆመ አራት ቀኑ፣ ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ግሏል። እኔ ኮላ ፍለጋ ገበያውን ሳስስ ኦሞድ የአሥር ቀፎ ጣውላ ቆርጦ ጨርሷል። መጥቼ ልገጣጥም ብል አንዱ ጥግ ይከፈታል፣ አንዱ አልገባም ይላል። ጉንዳን ሰተት ብሎ የሚገባበት ክፍተት! ንብ እዚህ ውስጥ ትኖራለች?
በዚያው ሰዓት ወ/ሮ አሪየት ከተፍ አሉ። ቀፎውን ያዘዙን የአቦቦ ንብ አናቢ ሴቶች ሰብሳቢ ናቸው፣ የኦሞድ መንደር ሰው። ምን ሆነ ብለው ጠየቁ። አፌን መያዝ አቃተኝ። “እኔ ልኩን ሠርቼ ሰጥቼዋለሁ፤ የሚሠራበት እጅ ነው የጠፋው” አልኩ። ኦሞድ አጠገቤ ቆሞ። ሴትዮዋ መሬት መሬት አዩ። እሱ እጁን ታጠበ፣ መላጊያውን በጨርቅ ጠቀለለ፣ ወጣ። ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠርተን! ይውጣ!

ሰኔ 17፣ ጠዋት
እንቅልፍ የለም። ብቻዬን ማሽኑን አስነሳሁ። እንዴት እንደሚሠራ ላሳየው። ለማን ነው የማሳየው? ቆረጥኩ። ያው ክፍተት። ደገምኩ። ያው! ጣውላው ችካሏ ላይ ይጫወታል፣ ወዲህ ወዲያ ይላል። ችካሏን ነቅዬ በካሊፐር ለካሁ። ግማሽ ሚ.ሜ. ቀጥናለች። ዋንዛው እርጥብ ነበር፤ ሙቀቱ ሲያገኘው ደርቆ ኮሰመነ።
ገና አልደረቀም። ኦሞድ ሊል የነበረው ይህንን ነው። አንዲት ቃል እስኪጨምር መታገሥ አቃተኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስንቱን ንግግሩን ከአፉ ነጥቄ በራሴ ጨረስኩ? ደደብ። ራሴን ነው። ችካሏን ግድግዳው ላይ ወረወርኳት፣ ምንም አልቀለለኝም።

ሰኔ 18፣ ማታ 12፡00
ቤቱ ሄድኩ። ማንጎው ሥር ተቀምጦ የበርጩማ እግር ይልጋል። የኔ ጥፋት ነው አልኩት፣ ይቅርታ አልኩት። መላጊያውን አላቆመም። የበርጩማውን እግር ልጎ ሲጨርስ ተናገረ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ጠበቅሁ።
“የሰደብከኝ ሰው ፊት ነው። ሰው በሌለበት ይቅርታ ምን ያደርግልኛል? አሪየት አሁን አቦቦ ናት። እዚያ እናቴ አለች፣ ወሬው ይደርሳታል።”
ተናድጄ ወጣሁ። ደጁ ድረስ ሄጄ! ከዚህ በላይ ምን ልሁንለት እያልኩ የባሮን ድልድይ ተሻገርኩ። ከድልድዩ ማዶ ስደርስ ንዴቱ አለ፤ ግን ልክ ነው ያለው።

ሰኔ 20፣ ጠዋት 3፡30
ወ/ሮ አሪየትን ደውዬ ጠራኋቸው። ከሁለት የማኅበሩ ሴቶች ጋር እመጣለሁ አሉ። ወደ ኦሞድም ሰው ላክሁ፤ እመጣለሁም አልመጣምም አላለም። አሥሩን ብልሹ ሣጥን ደጃፍ ላይ ደረደርኩ። መንገደኛው ሁሉ እያየ ያልፋል። ያበግናል። ይየው። ሥራውን ሊወስዱብን ይችላሉ፣ ይውሰዱ። ችካሏን የሠራሁ እኔ፣ የነገረኝ እሱ፣ ያልሰማሁ እኔ። ይኸው ነው የምለው። ስለ ዝናቡም ስለ ሙቀቱም ትንፍሽ አልልም።
ባጃጅ ቆመ። ሦስት ሴቶች ወረዱ። ኦሞድ የለም። ይሁን። ወሬውን አቦቦ የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። ልውጣ።