ከባንዲራው በአራት ጣት ስለበለጠችው አንቴና

ለክቡር አቶ ቤርቲል ሀግስትሮም
የግሮሼር ደሴት የጀልባ ክለብ ሊቀመንበር

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ የጸና፣ ወገብዎም ከጸደዩ የወደብ ጽዳት በኋላ የተቃና ይሁን እያልኩ፣ በታላቅ ሐዘን የማሳውቀው ጉዳይ አለ፦ በደሴታችን ሕግ ተጥሷል። በጀልባዬ ምሰሶ ጫፍ ላይ ያለችው የኢንተርኔት አንቴና ከክለቡ ባንዲራ በአራት ጣት በልጣ ተገኝታለች። ወፍ ለማየት በገዙት መነጽር ይህን ስለደረሱበት፣ እስከ እሑድ እኩለ ቀን እንድትወርድም ስላዘዙ አመሰግናለሁ። ሆኖም ጥፋቴ እንዴት እንደተፈጸመ ላስረዳ።

1. የመጀመሪያዋን አንቴና የመረጡልኝ የኮሚቴው የቴክኒክ ኃላፊ አቶ ራግናር ናቸው። «ስቱሬ፣ ይቺን ነጯን ውሰድ፣ ታምራለች» አሉኝ። ሐብሐብ የምታክል፣ በእርግጥም ያማረች ነበረች፤ ከጀልባው ኋላ ሳስራት ግን በጎረቤት ምሰሶዎች ተከባ ከባሕር ወፎች በቀር የምትሰማው ነገር አልነበረም።

2. አቶ ራግናር እንዳሉኝ ወደ ምሰሶው ጫፍ አወጣኋት፤ ሃያ ሜትር ቀጭን ኬብልም ዘረጋሁላት። ከላይ ሁሉን ትሰማለች፤ ወሬው እስኪወርድ ግን መንገድ ላይ ያልቃል። አቶ ራግናር «እንግዲያው ቀስ ብለህ ተጠቀማ!» ብለው ስላበረታቱኝ ውለታቸውን አልረሳም።

3. ባለቤቴ ጉንቮር ጀልባችን ላይ ተቀምጣ ፊንላንድኛ ተናጋሪ ታካሚዎች ከሐኪም ጋር በቪዲዮ ሲነጋገሩ ታስተረጉማለች። አንዲት አሮጊት «ዶክተር፣ ደረቴን እዚህ ጋ...» ሲሉ መስመሩ ተቆረጠ። ጉንቮርም «የቀረውን እኔ ልፍጠርላቸው? አንድ ጊዜ ይድገመውና ጀልባው ይሸጣል!» አለችኝ። ሠላሳ አንድ በጋ የከረምኩበት ጀልባ ነው፤ ስለዚህ በግንቦት፣ ምሰሶ የሚያቆመው ክሬን ሲመጣ፣ ወሬው ኬብል ውስጥ እንዳያልቅ አዲስ አንቴናና ሞደም በአንድ ሣጥን አጣምሬ ጫፉ ላይ አሰርኩ። ከዚያ ወዲህ አንድም አሮጊት አልተቋረጡም።

4. ትእዛዝዎ የደረሰኝ ክሬኑ ከሄደ ከሳምንታት በኋላ ነው፤ የሚመለሰው በመስከረም ነው። እርስዎ ግን «ምን ችግር አለው፣ ወደ ምሰሶው ጫፍ በገመድ እንጎትትሃለን!» ብለዋል። እኔ አንድ መቶ አራት ኪሎ ነኝ፤ ጎታቾቹ የኮሚቴው አባላት አማካይ ዕድሜያቸው ሰባ ስድስት ነው። ማን ቀድሞ እንደሚወድቅ ለመገመት አልደፍርም። ባንዲራው በአራት ጣት ከፍ ይበል ብዬ ብለምን «ባንዲራ አይነካም!» ብለው ገሠጹኝ። «ከባንዲራው በላይ ምንም አይቁም» የሚለው ደንብ የወጣው በ1931 ስለሆነ፣ ያኔ በኢንተርኔት እጦት የተቸገረ አባል እንዳልነበረ እረዳለሁ።

እንግዲህ እሑድ አንቴናዋ ትወርዳለች፤ ሰኞ ጠዋት የጉንቮር መስመር ይቆረጣል፤ ማክሰኞ የጀልባው የሽያጭ ማስታወቂያ በክለቡ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። በዚህ ውሳኔ የምጎዳው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ደስታዬ ወሰን የለውም።

ደንቡ በሚፈቅደው ከፍታ ልክ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤
ስቱሬ ኖርድሉንድ፣ የጀልባ ማቆሚያ ቁጥር 17

ማረሚያ፦ ከላይ «የምጎዳው እኔ ብቻ» የተባለው ስህተት ሆኖ ተገኝቷል። ጉንቮር በሰኔ ወር የይለፍ ቃሉን ለክለቡ ቤት ከሰጠች ወዲህ አሥራ አንድ የአባላት ስልኮች በአንቴናዋ ይጠቀማሉ። አንቴናዋ እንድትወርድ በሙሉ ድምፅ የተወሰነበት የሐሙሱ የቪዲዮ ስብሰባም የተላለፈው በእርሷ በኩል ነው። የክቡር ሊቀመንበሩ ምስል በመላው ስብሰባ አንዴም አልተቆረጠም።