ለማሽኑ የሠራንለት ቤት

አባዬ፣ «አምስት ዓመት ሙሉ ምህንድስና የተማረችው ውሃ ለማሞቅ ነው እንዴ?» ሳትል እንዳልቀረህ አውቃለሁ። ለእማዬ እንዲህ እያልክ፣ ለጎረቤት ደግሞ «ትልቅ ማሽን ላይ ነው ያስቀመጧት» ትላለህ። መልስ አለኝ፤ ግን ሰላምታዬ ይቅደም።

እንዴት ከርመሃል አባዬ? እንቅልፉስ? ምግቡስ ይበላልሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? «ደህና ነው» ብለህ እንዳታልፈኝ፤ ታናሼ በስልክ ሁሉንም ዘክዝካልኛለች። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ከበር ወዲያ ማለት እንደተውክ፣ ሐኪሙ ያዘዘልህን እንቅስቃሴ «ያመኛል» ብለህ እንዳቆምክ፣ ከወንበር ስትነሳ እንዳያዩህ ሰው ሁሉ ከክፍሉ እስኪወጣ እንደምትጠብቅ ነግራኛለች። እኔ ደህና ነኝ። እማዬ ከሳች ብላ እንዳትጨነቅ፣ እንዲያውም ሱሪዬ ጠቦኛል።

ዳር ዳር አልልም አባዬ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ እዚህ መጥተህ እኔ የማሞቀው ውሃ ውስጥ እንድትገባ ለመለመን ነው። ሐኪምህም ሙቅ ውሃ ውስጥ መንቀሳቀስ ይረዳሃል ብሎህ አልነበር? እስካሁን ያልጠራሁህ ውሃው ራሱ ከእጄ ሊያመልጥ ምንም ስላልቀረው ነው። እስቲ እሱን ላውጋህ።

የምሠራበት ቤት ሁለት ገንዳ አለው። ትልቁ የዋናተኞች ነው። ትንሹ ውሃው ደረት ላይ የሚደርስ፣ ጠዋት ጠዋት ሕመምተኞች የሚንቀሳቀሱበት ነው፤ እሱን ማሞቅ የእኔ ድርሻ ነው። ማሞቂያው ሂት ፓምፕ ይባላል፤ ጓሮ ከአጥሩ ሥር የቆመ፣ ቁም ሳጥን የሚያክል፣ ግንባሩ ላይ ትልቅ ማራገቢያ ያለው ማሽን ነው። ፍሪጅ ከሆዱ ሙቀት እየጎተተ በጀርባው ያወጣ የለ? ይሄም እንደዚያው ነው። ከውጭው አየር ላይ ሙቀት ለቅሞ ለውሃው ይሰጣል፤ የቀዘቀዘውን አየር ደግሞ በግንባሩ ይተፋዋል። ጎኑ ላይ ያሉት ቀጫጭን ክንፎች ከአንተ የጭነት መኪና ራዲያተር ጋር ወንድማማች ናቸው፤ ልዩነቱ ያንተው ሙቀት ሲጥል የእኔው መልቀሙ ነው።

ጠባዩን ላወቀለት ገራም ነው፤ ችኩል ሰው ግን አይወድም። ሠላሳ ሁለት ዲግሪ ካልከው ቀስ እያለ ቀናት ወስዶ ይደርሳል። ከእኔ በዕድሜ ብዙም የማይበልጠው ሥራ አስኪያጃችን ግን በዚያ ባለፈ ቁጥር ቁልፉን ተጭኖ አርባ ላይ ያደርገዋል። «ቶሎ እንዲሞቅ ነዋ!» ይላል። «አለቃ፣ የመኪናው ፍጥነት እኮ ያው ነው፤ አንተ የጨመርክለት መንገዱን ነው» ብለው፣ «እንግዲያው መንዳት አትችይም ማለት ነው» ብሎኝ ሄደ።

ጥበቃችን ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰው ናቸው። በጠራራ ፀሐይ እንኳ ካፖርታቸውን ስለማያወልቁ ጋሼ ካፖርት ነው የምንላቸው፤ በዚሁ ስም ሲጠሩም አቤት ይላሉ። ብርዱ እየበረታ ሲሄድ አንድ ጠዋት የማሽኑ ክንፎች ላይ ስስ በረዶ አይተው እየተጣደፉ መጡ። «ኢንጂነር፣ ኧረ ነይ! ያ ምስኪን በብርድ ሊያልቅ ነው!» በብርድ ጠዋት ትንሽ በረዶ መያዙ የተለመደ ነው፤ ማሽኑ ራሱ አቅልጦ ያራግፈዋል። ይህንኑ ነገርኳቸው። እሳቸው ግን ከዕቃ ቤት አሮጌ ቆርቆሮና ሸራ እየጎተቱ ቤት ይሠሩለት ጀመር። እኔም ነፋሱን ቢከልልለት ምን ይጎዳዋል ብዬ ምስማር አቀባይ ሆንኩ። ሦስት ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ ከፊት ለፊት የሸራ መጋረጃ። ሲያበቁ ራቅ ብለው አዩትና፣ «እኔ እንኳ ሳገባ እንዲህ ያለ ቤት አላገኘሁም» አሉ።

ከዚያ በኋላ ውሃው ይቀዘቅዝ ጀመር። በረዶው ሲወፍር ጋሼ ካፖርት ሸራ ይደርባሉ፤ ሸራ ሲደረብ በረዶው ይብሳል። እኔ ማጣሪያውን አጠብኩ፣ የውሃውን ዝውውር ፈተሽኩ፣ ባለሙያ ጠርቼ ማሽኑ ውስጥ የሚዞረውን ጋዝ አስለካሁ፤ ምንም ጠብ የሚል ነገር የለም። ሕመምተኞቹን የምታሠራው ፊዚዮቴራፒስት እጇን ነክራ ፊቷን አጨማደደች። ውሃው ቀዝቃዛ ሲሆን ጡንቻቸው ስለሚኮማተር አታስገባቸውም።

ከሕመምተኞቹ አንዷ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ሁላችንም ቲቸር እንላቸዋለን። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቀኝ እጃቸው እንደተጨበጠ ቀርቷል። ሙቁ ውሃ ውስጥ ግን ጣቶቻቸው ጥቂት በጥቂት መላቀቅ ጀምረው ነበር። ያን ሰሞን እየመጡ ደረቅ ፎጣቸውን እንደታቀፉ ይመለሳሉ። «በእኔ የተነሳ አትሳቀቂ ልጄ፤ ይሄ እጅ ድሮም ሰነፍ ነው» ይሉኛል። ያንን ደረቅ ፎጣ ባየሁ ቁጥር አንተ ሰው እስኪወጣ የምትጠብቅባት ወንበር ትመጣብኛለች። በመጨረሻ አለቃ ቁርጡን ነገረን፤ እስከ ሰኞ ካልሞቀ የጠዋቱ ፕሮግራም ይታጠፋል፣ ትንሹ ገንዳም ደርቆ የዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ። አንተን የምጠራበት ውሃ እያየሁት ሊሄድብኝ ነው አባዬ።

ዓርብ ቀትር ላይ በረዶውን ላራግፍለት ብዬ ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ ገባሁ። ውጭው ፀሐይ ነው፤ ዕቃ ስሸከም ስላረፈድኩ አልቦኛል። ጥቂት እንደቆየሁ ጥርሴ ተንገጫገጨ። ወጣሁ፣ ሞቀኝ። ተመልሼ ገባሁ፣ አንቀጠቀጠኝ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ማሽኑ የሚተፋው ቀዝቃዛ አየር መውጫ አጥቶ ከመጋረጃው ጋር ይጋጫል፤ ዞሮ በጎኑ ይመጣል፤ እሱም የተፋውን መልሶ ይስበዋል። ሙቀት እንዲለቅም የቀጠርነውን ሙቀት የሌለበት ቤት ውስጥ ቆልፈንበታል። በደስታ ልጮህ ስል ጋሼ ካፖርት ትዝ አሉኝና አፌን ያዝኩ። ያን ቤት ምን ብዬ ነው የማስፈርሳቸው?

«ጋሼ፣ እስቲ ይግቡና የሠሩትን ቤት ውስጡን ይዩት» አልኳቸው። ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ገቡ፤ መጋረጃውን መለስኩባቸው። ብዙም አልቆዩ። «ኧረ ክፈቺልኝ አንቺ ልጅ! ይሄስ የሚስቴን ኩርፊያ ያስንቃል!» ሲወጡ ሳቅኩ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ቆርቆሮውን በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው፣ «እኔ እኮ አዝኜለት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አውቃለሁ ጋሼ፤ እኔስ ምስማር ያቀበልኩት ለምን ሆነና» አልኳቸው። መዶሻውን ራሳቸው አነሱ።

ዙሪያው ሲከፈትለት የማሽኑ ትንፋሽ ራሱ ተለወጠ፤ እንደ ሰው እፎይ ያለ ነው የመሰለኝ። ቀን ቀን፣ አየሩ ሞቅ ሲል፣ በደንብ እንዲሠራ አደረግሁት። አለቃ እንዳይነካካውም ቁልፉ ላይ መክደኛ ገጠምኩ። ሙቀቱ አብዛኛውን የሚያመልጠው ከውሃው ፊት ላይ ስለሆነ ማታ ማታ ገንዳውን በሽፋኑ መክደን ያስፈልጋል። «ማልበስ ከፈለጉስ ገንዳውን ያልብሱልኝ» ብላቸው ጋሼ ካፖርት ፊታቸው ፈካ። አሁን የሽፋኑን ጠርዝ ሲጠቀጥቁ ብታያቸው ሕፃን የሚያስተኙ ነው የሚመስሉት።

ሰኞ ጠዋት ሠላሳ አንድ ተኩል ሆነ። አለቃ ቁጥሩን አይቶ «ግማሽ ይጎድለዋል» አለ። ፊዚዮቴራፒስቷ እጇን ነክራ «ግማሿን እኔ አሞቃታለሁ፤ ግቡ!» አለች። ቲቸር ተደግፈው ገቡ። ጎንበስ ብዬ ከገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ እንዳልኩ የተጨበጠውን እጃቸውን ውሃው ውስጥ ሲያንሳፍፉት አያለሁ። ቆይተው ወደ እኔ ቀረቡና ያንኑ እጅ እየተንቀጠቀጠ አነሱት፤ አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው ጆሮዬን አገኟት። «አንቺ ነሽ አይደል ያስበረድሽኝ?» ብለው ቆነጠጡኝ። የዛለች ቁንጥጫ ናት። እኔ እንደዚያን ቀን በመቆንጠጥ ተደስቼ አላውቅም አባዬ፤ እሳቸውም እጃቸውን አይተው «ውይ!» አሉ።

እንግዲህ ውሃ ለማሞቅ ነው ወይ የተማርሽው ላልከው መልሴ ይኸው ነው፤ አዎ፣ ለዚህም ነው። አያበቃም ደግሞ። ጣሪያው ላይ ፀሐይ የሚያሞቀው ቱቦ ልዘረጋ አስቤ ሥዕሉን ጀምሬዋለሁ፤ አለቃ «መጀመሪያ ይሄን ሳምንት አሳልፊን» ይለኛል።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ምን እንደምትል አውቃለሁ፤ «በዚህ ዕድሜዬ ቁምጣ ለብሼ ሰው ፊት!» አባዬ፣ ውሃው እስከ ደረት ነው፤ ማንም የማንንም ጉልበት አያይም። አንዳንዶቹማ ከነካናቴራቸው ነው የሚገቡት። ደግሞ ውሃ ሰውን ይሸከማል። ያ ጉልበት ያን ሁሉ ዘመን ክላች ሲረግጥልን ኖሮ አሁን እሱን የሚሸከምለት ቢያገኝ ምናለበት? አለቃ የሠራተኛ ቤተሰብ እንዲገባ ፈቅዷል፤ ፊዚዮቴራፒስቷም የሐኪምህን ወረቀት ይዘህ ና ብላለች። እኔ ፊት ማነከስ ካሳፈረህ ከጎንህ አልቆምም። ጓሮ ከማሽኑ ጋር እሆናለሁ። ውሃው ሲሞቅህ እኔ እንደሆንኩ ዕወቅልኝ፣ ይበቃኛል።

እማዬን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ከእኔ ነው ብለህ ንገራት፣ አለዚያ ምን ነካው ብላ ትደነግጣለች። ወንድሜን ፈተናው እንዴት እንደሆነ ይጻፍልኝ በለው። አክስቴ ሳቋ ናፍቆኛል። ለዚያች ወሬ አቀባይ ለታናሼም ሰላምታዬ ይድረሳት፤ የወገብህን ልክ በሜትር ወስዳ ትላክልኝ፣ ቁምጣውን እኔ እገዛለሁ። አንተ ደግሞ የምትመጣበትን ቀን ብቻ ጻፍልኝ። ሌላ ምንም ባትጽፍ አልቀየምህም።

ልጅህ

ከመዋኛው ጓሮ፣ ከማሽኑ አጠገብ
ታኅሣሥ 9 ቀን