የዋሽንት ነፊ እጅ

ለማንም ያልነገርሁትን ልንገርሽ። ባለቤቴ ቸኮለ ዋሽንት የተወው ሰው እንደሚለው ንስሐ ገብቶ አይደለም፤ የእኔ ምላስ ነው ያስተወው። በዚያ በስንዴው ደቦ ለአጫጆቹ ሦስት ቀን ሙሉ ሲነፋ ሰንብቶ የእጁ አንጓ ቢያብጥ፣ «ማጭድ ሳትይዝ ምን አመመህ?» ብዬ በሰው ፊት አሳቅሁበት። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ዋሽንት አልነካም።

እዚህ ፍኖተ ሰላም የእኅቴ ልጅ ሠርክአዲስ በባህል ቡድን ዋሽንት ትነፋለች። ትናንት ልምምድ ላይ አንጓዋን ስታሽ አየኋት። ሐኪሙ በየመሐሉ እረፊ ብሏት ኖሯል። አለቃቸው ግን «እማማ፣ አንድ ዘፈን ብቻ ይፍቀዱልን፤ ከበሮ መቺው እንኳ አልደከመውም» አለኝ። ዋሽንቱን ከእጇ ተቀብዬ ነጠላዬ ውስጥ ሸሸግሁና «እንግዲያስ ከበሮ መቺው ይንፋልህ» አልሁት። ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ሕመሙ እስኪበርድላት አልመለስሁላቸውም።

እኛ ዘንድ ሌላው ሲያጭድ ነፊው እንዳረፈ ይቆጠራል። የእሷ እጅ ግን እንደ ቸኮለ እጅ አይቀርም። እስክትድን ከዚህ አልነቃነቅም፤ ላሚቱን አደራ።

የምጽፍበት ካርድ ሞላብኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ።

ከዚያ ሁሉ የደቦ ሰው ብቻዋን ላልሳቀችው፣ ለባንቺአየሁ፣ ሽንዲ ይድረስ።