ልጄ ዘግቶት የሄደው ሰርቨር

ቀን፦ ሰኔ 4 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለቤተ መጻሕፍቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ በሟች ልጄ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ እንዲነሣና ሰርቨሩ እሱ እንደተወው እንዲመለስ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

1. መርዶው የደረሰኝ እሑድ ጠዋት ነው። በቤታችን ኮምፒውተር ጋዜጣ ላነብ ስል ልጄ ለሥራው የሚጠቀምበትን ብሮውዘር በስህተት ከፈትኩ። እሱ የጻፈው መልእክት ወጣ፦ «ይቅርታ፣ አላወቅኩዎትም። ማን ልበል?» ሳቅሁ። ሳቄን ሳልጨርስ በሩ ተንኳኳ። ወንድሜና የልጄ የሥራ ባልደረባ ነበሩ። ወንድሜ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። ልጄን መኪና ገጭቶት ነበር።

2. ያ ጽሑፍ የመሥሪያ ቤትዎ ነው። ልጄ የኔትወርክ ባለሙያችሁ ነበር። ቅርንጫፎቻችሁ ኢንተርኔት የሚያገኙት ፕሮክሲ በሚባለው አስተላላፊ ሰርቨር በኩል ነው። የሚመጡት ግን ከውጭ፣ ፐብሊክ በሚባል የኢንተርኔት አድራሻ ስለሆነ ሰርቨሩ አያውቃቸውም ነበር። ልጄ የእያንዳንዳቸውን አድራሻ አስገብቶ ፈቀደላቸው፤ ሌላውን ሁሉ በዚያ ጽሑፍ ከደጅ እንዲመልስ አዘዘው። መመለሱን የሚፈትነው ከቤታችን፣ በዚያ ብሮውዘር ነበር። «እኔንስ ብታስገባኝ ምን አለበት?» ስለው፣ «እማዬ፣ አንቺን ካስገባሁ ጎረቤት ይቀየመኛል» ብሎ ቀለደብኝ።

3. አሁን በኮሪደራችሁ ግድግዳ ላይ፣ ሰርቨሩን ለማንም ክፍት አድርጎ የተወውና በቅርቡ በእናንተ አድራሻ ሰው ያታለለውን አጭበርባሪ ያስገባው «ሟቹ ባለሙያ» ነው የሚል ማስታወቂያ አለ። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ያለ ሰው እንኳ አልተገኘም።

4. ከቀብሩ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻልኩም። እነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ደግሞ እነሣለሁ። ጠዋት ጠዋት ያንን ብሮውዘር እከፍታለሁ። «ማን ልበል?» ሲለኝ፣ «እናትህ ነኝ» እላለሁ። አንድ ጠዋት ግን ጽሑፉ ቀረ፤ ጋዜጣው ተከፈተ። ሰርቨሩ አስገባኝ። ደንግጬ ለባልደረባው ደወልኩ። «ማዘር፣ የአንዱ ቅርንጫፍ አድራሻ ተቀይሮ ኢንተርኔት እምቢ አላቸው። ሰዉ ሲጮህብን ለጊዜው ብለን ለሁሉም ከፈትነው» አለኝ። ለጊዜው የተከፈተው እንደተከፈተ ቀረ። ይህን ልጅ እንዲቀጡልኝ አልፈልግም፤ ጭንቀቱ ከድምፁ ይሰማ ነበር። እውነቱን ግን ይጠይቁት።

5. እኔ የተማርኩት ጥቂት ነው፤ ስለ ሰርቨር አላውቅም። ልጄ በሞተበት ቀን ግን ያ በር ዝግ ነበር። እኔኑ እናቱን መልሶኛልና ምስክሩ እኔ ነኝ።

ስለዚህ ማስታወቂያው እንዲነሣ፣ እውነቱም እዚያው ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። በሩም ይዘጋ። እኔም ከበሩ ልመለስ፤ ግን በልጄ ቃል ልመለስ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ ለልጄ ጸልዩለት። አሁን በደረሰበት በር «ማን ልበል?» ሳይባል፣ ታውቆ እንዲገባ።

ከአክብሮትና ከእናት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የሟቹ ባለሙያ እናት