የአባዬ ጠመንጃ ስንት ያወጣል

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለእታለም፤

እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተወሽ ወይስ ዛሬም ባልዲ ባነሳሽ ቁጥር ያስጮህሻል? ባለቤትሽ አናጢው ደህና ነው? ሕፃኗስ ጥርስ አበቀለች? የአባዬ ሳል ቀለል አለለት? የእማዬን ለመጠየቅ ግን ፈራሁ። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ካቃታት ቆየ፣ አሁን ደግሞ የበሩን መቃን እየመታች ነው ብለሽ ጽፈሽልኛል። እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ ሌላውን ደብዳቤውን ስታነቢ ትደርሺበታለሽ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። ሐኪሙ እስከዚህ ወር መጨረሻ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገላት ብርሃኗ ይጠፋል ማለቱን፣ አባዬ ይሄን ሲሰማ ሳጥኑን ከፍቶ ጠመንጃውን ማውጣቱን፣ ጎረቤታችን ንብ አርቢው ደግሞ ማሳውን ከርከሮ ስለጨረሰበት እኔ ልግዛው ማለቱን ነግረሽኛል። ልጅህ እዚያ ጠመንጃ ሲገምት የሚውል አይደል፣ እሱ የቆረጠውን እከፍላለሁ፣ ቃሉ ይበቃኛል አለ ያልሽው ጋ ስደርስ ግን ወረቀቱን አጥፌ ሥራዬን ጥዬ ወጣሁ። አንቺ በደስታ ነው የጻፍሽው። ለሕክምናው የሁለት በሬ ዋጋ ይበቃል፣ አንተ ብቻ ሁለት በሬ ያወጣል በል ብለሽኛል።

እስኪ መጀመሪያ እዚህ ጠመንጃ ሱቁ ውስጥ ዋጋ እንዴት እንደሚቆረጥ ልንገርሽ፤ ያለዚያ የምለውን አታምኚኝም። የሱቁን ባለቤት እኛ ሠራተኞቹ አቶ አይሆንም ነው የምንለው። ሰው ጠመንጃውን ከጨርቁ ሳይፈታ እሱ አይሆንም ይላል። ሻጭ ሁሉ ታሪክ ይዞ ይመጣል፤ አባቱ በዚህ ጠመንጃ አንበሳ ያልገደለለት ማን አለ! አቶ አይሆንም ወሬ አልገዛም ይልና ወደ እኔ ይገፋዋል። እኔ ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ መጀመሪያ ብሎኖቹን አያለሁ፤ አናታቸው ከተበላ አላዋቂ ፈቶታል ማለት ነው። ሰደፉ አንገቱ ላይ እንዳልተሰነጠቀ በጥፍሬ እፈትሻለሁ። ከዚያ መቀባበያውን ነቅዬ ከኋላ ነጭ ወረቀት እይዝና በአፈሙዙ በኩል ወደ ውስጥ አያለሁ። ጤነኛ ከሆነ ጠመዝማዛው ቦይ እያብለጨለጨ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። እንጨቱ ቢያረጅ፣ ቀለሙ ቢለቅ ግድ የለም፤ ዋጋው ያለው እዚያ ውስጥ ነው። መሀል ላይ የጥላ ቀለበት ከታየ ግን አንድ ቀን አፈሙዙ እንደተደፈነ ተተኩሶበት ቱቦው አብጧል። ያኔ አቶ አይሆንም ራሱ አይሆንም አይልም፤ ጨርቁን መልሶ ይጠቀልልለታል።

የአባዬ ጠመንጃ ውስጥ ያ ቀለበት አለ። ሳታየው በምን አወቅህ ትዪኛለሽ፤ ያሳበጥኩት እኔ ነኝ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባዬ ለቅሶ ሄዶ ሁለት ቀን ያደረ ጊዜ፣ ማንም ሳያየኝ ጠመንጃውን ይዤ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ጓደኞቼ የአይስቴ ልጅ ተኩስ አያውቅም እያሉ ያበሽቁኝ ነበር፤ አባዬን ሰው ሁሉ አይስቴ ይለው እንደነበር መቼም አትረሺውም። ወንዙን ስሻገር አዳለጠኝና አፈሙዙን ጭቃ ውስጥ ተክዬ ተመረኮዝኩበት። ከላይ ከላዩ በእጅጌዬ ጠረግኩት እንጂ ውስጡን አላየሁም። ከዚያ አንዲት ዳክዬ ላይ ተኮስኩ። ትከሻዬን እንደ በቅሎ ረገጠኝ፤ ዳክዬዋም በሰላም ሄደች። ቤት ገብቼ ስወለውለው አፈሙዙ ጫፍ ካለው ማነጣጠሪያ አራት ጣት ዝቅ ብሎ ብረቱ ዙሪያውን አበጥ ብሎ አውራ ጣቴን ነካኝ። ዘይት ቀብቼ ሳጥኑ ውስጥ መለስኩት። ሆድ ይፍጀው ብዬ ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ።

በዚያው ዓመት አይስቴ መሳት ጀመረ። ቆሞ የሚያየውን ከርከሮ ሳተ። አንጥረኛው ደመና መቺው የሚል ስም አወጣለትና አገር ሳቀበት፤ እኔም ከሰው እንዳልለይ አብሬ ሳቅኩ። መነጽር ገዛ፤ በመነጽርም ሳተ። እጄ ከዳኝ፣ አርጅቻለሁ ብሎ ውሻውን ለወፍጮ ቤቱ ዘበኛ ሰጠ፣ ጠመንጃውንም ቆለፈበት። ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነበር እኮ እታለም! ከዚያ ወዲህ አባዬ አንድ ነገር እርግጠኛ ሆኖ ሲናገር ሰምተሽ ታውቂያለሽ? የእንቁላል ዋጋ እንኳ ሲጠይቁት ወደ እማዬ እያሳየ እሷን ጠይቋት ነው የሚለው። እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኩት።

ወደዚህ ሙያ የገባሁት ጠመንጃ ስለምወድ ይመስላችኋል። ያ እብጠት ይቃና እንደሆነ ለማወቅ ነበር። በገባሁ በሳምንቱ የሰው ጉዳይ አስመስዬ አቶ አይሆንምን ጠየቅኩት። ያበጠ ብረት አይመለስም፣ ቱቦው መቀየር አለበት፣ ለእንደዚያ ዓይነት አሮጌ ጠመንጃ ደግሞ ቱቦ ከየትም አይገኝም አለኝ። መቶ ጊዜ ይተኩስና በመቶ አንደኛው ይፈነዳል ብሎም ጨመረ። ማጋነን መስሎኝ ነበር። አምና አንዲት ሴት የባሏን ጠመንጃ በጆንያ ይዛ መጣች፤ ቱቦው እንደ ሙዝ ልጣጭ ተተርትሯል። ባሏ ጉንጩን ሰደፉ ላይ አስደግፎ ነበር የተኮሰው። ለብረቱ ስንት ትሰጡኛላችሁ ነው ያለችን። አባዬ ያን ዓመት ሙሉ ሲተኩስ ፊቱን የጠበቀለት ፈጣሪ ብቻ ነው።

አልዋሽሽም፣ መጀመሪያ ሌላ ደብዳቤ ጽፌልሽ ነበር። ሁለት በሬ ያወጣል፣ እንዲያውም ርካሽ ነው፣ ቶሎ ሽጡለት ብዬ ፖስታውን አሽጌ ቴምብር ለጥፌበት ነበር። አራት ቀን በኮቴ ኪስ ይዤው ዞርኩ። ንብ አርቢው ብልጥ ቢሆን፣ ቢከራከረኝ፣ ለሌላ ባለሙያ ላሳየው ቢል ኖሮ እልከው ነበር መሰለኝ። ሰውዬው ግን ቃሉ ይበቃኛል አለ። ፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ቀደድኩት። ስቀደውም የእማዬን ዓይን በእጄ ያወጣሁ ያህል ነው የተሰማኝ፤ ዛሬም ደግ ሥራ ሠራሁ ብዬ አይደለም የምጽፍልሽ።

እንግዲህ የጠየቅሽኝ ዋጋ ይኸው። መቀባበያው፣ ሰደፉና ብሎኖቹ ለመለዋወጫ ተፈተው ቢሸጡ የአንድ በግ ዋጋ ያወጣሉ። ከዚያ በላይ የሚሰጥ ካለ አልገባውም ማለት ነው። ካላመንሽኝ አውራ ጣትሽን ከማነጣጠሪያው ሥር ወደ ታች ሳቢው፤ ራስሽ ታገኚዋለሽ። ለንብ አርቢው እውነቱን ንገሪው፣ አንድ ጥይት እንኳ እንዳይሞክርበት። ጎረቤት ቀብረን በሱ ገንዘብ የተከፈተ ዓይን ደግሞ ለእማዬም አይሆናትም። አቶ አይሆንምን የስምንት ወር ደመወዜን ብድር ጠይቄው የተለመደውን መለሰልኝ፤ ሌሎች ሁለት ቦታም ሞክሬ እንደዚያው ነው። የዚህን ወር ደመወዜን ልኬያለሁ፤ የሐኪሙን ደጅ እንደማያስረግጣት አውቃለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር ቢጠፋ ጠመንጃው አለ ስትሉ ኖራችሁ፣ ነገሩ ግን ላም አለኝ በሰማይ ነበር። ከዚህ ሌላ መላ የለኝም፣ እታለም። ተኝቼም ተነስቼም አስቤ አጣሁ።

ለአባዬ ራስሽ አንብቢለት። እጅህም ዓይንህም አልከዱህም፣ ያን ዓመት የሳተው ብረቱ ነው በይው። ቢቆጣ ይቆጣ፣ ቢረግመኝም አሜን እላለሁ። እኔ የምፈራው እንደ ልማዱ ግድ የለም ብሎ ዝም እንዳይል ነው።

አናጢውን እጅ ንሺልኝ፤ ገበያ ሲያጣ በትዕግሥት መኖርን ከሱ ነው የተማርኩት። ሕፃኗን እስክትጮህ ሳሚልኝ። ንብ አርቢውን ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ መቼ እንደምመጣ ባላውቅም ፊቱን ሳላፍር ማየት እፈልጋለሁ። ለእማዬ ትናንት ፎቶ ቤት ገብቼ የተነሳሁትን ፎቶ ከወረቀቱ ጋር አድርጌልሻለሁ። ፎቶ አንሺው ሣቅ በል ቢለኝ አልሆነልኝም። ፀጉሬም ሸሽቷል፣ ከስቻለሁም፤ ቢሆንም ተለቅ አድርጎ እንዲያጥበው አድርጌያለሁ። ለአባዬ ማንበብ ከመጀመርሽ በፊት ፎቶውን ስጫት፤ ደጅ አውጥተሽ፣ ቀን በፀሐይ። ወሩ እስኪያልቅ ድረስ በየቀኑ ታየኝ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከሥራ ቦታዬ፣ በምሳ ሰዓት
ግንቦት 11 ቀን