ግምታቸው እንዲሳሳት የተሳሉት ወይዘሮ ፋናዬ አዘዘ (ወለተ ሰንበት)

ወይዘሮ ፋናዬ ከአባታቸው ከአቶ አዘዘ ይመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘነበች ገብሬ ሐምሌ 11 ቀን 1955 ዓ.ም. በደሴ ከተማ ተወለዱ። እዚያው ተምረው በጎንደር በላቦራቶሪ ሙያ ተመረቁ። ታናሽ እህታቸው አበባይሽ እናቴ ናቸው። ሁለቱ በአንድ አልጋ እየተኙ አደጉ፤ አንዷ ስትስቅ ሌላዋ ምክንያቱን ሳትጠይቅ ትስቅ ነበር አሉ።

ኤችአይቪ በአገሩ ሕዝብ መካከል ምን ያህል ሊዛመት እንደሚችል ለመገመት ጥናት ሲጀመር፣ ወይዘሮ ፋናዬ ደሴ ላይ ተመደቡ። ነፍሰ ጡሮች ለሌላ ምርመራ ከሰጡት ደም የተረፈው ይወሰዳል፤ የማን እንደሆነ እንዳይታወቅ ስሙ ከብልቃጡ ላይ ይነሳል፤ ከዚያ ይመረመራል። ውጤቱ ለግምቱ ይውላል እንጂ ደሙን ለሰጠችው አይነገርም፤ ማን መሆኗ አይታወቅማ! ስሙን የሚያነሱት እሳቸው ነበሩ። በ1986 ዓ.ም. እናቴ እኔን አርግዘው እዚያው ጤና ጣቢያ ደም ሰጡ። የእሳቸው ብልቃጥ የትኛው እንደነበር ወይዘሮ ፋናዬ እስከ ዕለተ ሞታቸው አላወቁም።

እናቴ በ1990 ዓ.ም. በዚሁ በሽታ አረፉ፤ መድኃኒቱ ገና አገር አልገባም ነበር። እኔን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልነካኝም። ወይዘሮ ፋናዬ በዓመቱ እኔን ይዘው ለትምህርት አምስተርዳም መጡ፤ ሲመረቁም እዚያው በዚሁ የግምት ሥራ ተቀጠሩ። በ1996 ዓ.ም. የትራም ሾፌሩን አቶ ሊባኖስ ወልዴን አግብተው ዴን ሃግ ገቡ፤ ኤልናታንንም ወለዱ።

የግምቱ መስመር ሽቅብ ሲወጣ እህል አይበላላቸውም ነበር። ግምታቸው እንዲሳሳት ለማርያም ተሳሉ። አቶ ሊባኖስም «ሰው ሥራው እንዲሰምርለት ይሳላል፤ የኔዋ እንዲበላሽባት!» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። መድኃኒቱ ገብቶ ቁጥሩ ከተፈራው በታች ሲሆን፣ የተሳሉትን ጥላ ወደ ደሴ ላኩ። ተሳሳትኩ ብሎ እልል ያለ ባለሙያ እሳቸውን ብቻ አየሁ።

የእህታቸው ናፍቆት ግን አልወጣላቸውም። ባቡር ውስጥ ነፍሰ ጡር ሲያዩ ዓይናቸው እስክትወርድ ይከተላት ነበር። አንድ ጊዜ በእናቴ ሙት ዓመት ሮተርዳም ሄደው ቀሲስ ዓለማየሁን ጸሎት ለመኑ። ቀሲስ እንደ ሥርዓቱ የክርስትና ስም ጠየቋቸው። «ወለተ ሚካኤል» አሉ፤ ቀጥለውም «ሌሎች እናቶችም አሉ።»

«ስማቸውስ?»

«እኔው ነኝ ከብልቃጡ ላይ ያነሳሁት፣ አባቴ» ብለው አለቀሱ።

ቀሲስ ብዙ አሰቡ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ከእናቴ ስም ቀጥለው ለእነዚያ እናቶች ጥቂት ዝም ይላሉ።

ወይዘሮ ፋናዬ በቆሽት ካንሰር ታመው ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በ62 ዓመታቸው አረፉ። በመጨረሻው ሰሞን «አበባይሽ ትስቃለች፣ አልሰማሽም?» ይሉኝ ነበር። አለመስማቴ ቆጭቶኛል። እዚህ ያደግኩ ነኝና ዕድሜ ልኬን «አንቺ» ነበር የምላቸው፤ ዛሬ «እሳቸው» ብዬ ስጽፍ የራቁኝ መሰለኝ። እማዬ፣ ከአሁኑ ናፈቅሽኝ።

ባለቤታቸው አቶ ሊባኖስ፣ ልጃቸው ኤልናታንና እኔ ያሳደጉኝ ሐምራዊት ቀርተናል። አምላክ ነፍሳቸውን ከእህታቸው ጎን ያሳርፍልን።

ዛሬ ቀሲስ ወለተ ሰንበት ብለው ይጠራሉ፤ ቀጥለውም ወለተ ሚካኤል። ከዚያ ዝም ሲሉ ስም የጠፋቸው መስሏችሁ እንዳታስታውሷቸው፤ እናቶቻችን እየተጠሩ ነው።