ጨለም ባለው ፎቶ ላይ የታየኝ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ለገሰ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ፣ ያ የጠዋት ሳልዎስ ተሻለዎት? እትዬ መነንስ ደኅና ናቸው? ብርዱ እንዴት ይዟችኋል? እኔና ልጄ ሔራን አለን። ደክሞኛል እንጂ አላመመኝም። ጠዋት ዊተን ሰፈር ዕቃ አድርሼ፣ ቀኑን ሱቅ ቆሜ ውዬ ጫማዬን ሳወልቅ፣ እግሩ የሌላ ሰው ይመስለኛል።

ይህን በስልክ ያልነገርኩዎት ተቆጥተው ስለሚዘጉብኝ ነው። ወረቀት ላይ አያቋርጡኝም።

እዚሁ አጠገባችን አሌክሳንድሪያ ላለችው ሙሽራ፣ ለሂዊ፣ የላኩልኝ ቀሚስ በሰላም ደርሷል። ልብስ ከማስረከቤ በፊት ለሱቁ ድረ ገጽ ፎቶ አነሣዋለሁ፤ ሔራን ትለብስልኛለች። ነጭ ልብስ ማንሣት አድካሚ ነው። ካሜራውን ለልጅቷ ፊት ሳስተካክለው ሸማው በብርሃን ይዋጣል፣ ጥለቱ ሳይቀር ይጠፋል። ለሸማው ሳስተካክለው ደግሞ ልጅቷ ትጠፋለች። አንዴ አይታው፣ ቀሚሱ ብቻውን ነው እንዴ የሚዳረው ብላ ስቃብኛለች።

ስለዚህ ካሜራውን ማቆሚያው ላይ አድርጌ ሦስት ጊዜ አነሣለሁ፤ አንዱን ጨለም፣ አንዱን መካከለኛ፣ አንዱን ፈካ አድርጌ። ከዚያ በኮምፒውተር እንደ ሦስት ነጠላ እደራርባቸውና ከላይ ያለውን በብሩሽ እየገለጥኩ፣ ፊቷን ከፈካው፣ ሸማውን ከጨለመው እወስዳለሁ። ሲያልቅ አንድ ፎቶ ነው፤ ስፌቱ አይታወቅም።

ማክሰኞ ዕለት ጨለም ያለውን አጉልቼ ሳየው እጄ ቆመ። ከጥለቱ በላይ ክር ዘሏል። ዝቅ ስል ሌላ ቦታም አለ። ወንድም ጋሼ፣ የእርስዎ እጅ ክር ዘልሎ አያውቅም። ማስታወሻ ደብተሬን ገልጬ ከመስከረም ወዲህ የላኩልኝን ልብሶች ፎቶ አንድ በአንድ አየሁ። የመስከረሙ ንጹሕ ነው። የኅዳሩ ሁለት ቦታ ስቷል፤ ያኔ አላስተዋልኩትም። ፈካ ባለው ፎቶ ላይ ግን አንዱም አይታይም። ሸማውንም ከፈካው ወስጄ ብጨርሰው ማንም አያውቅም ነበር። ነጋዴ ነኝ፣ አልዋሽዎትም፤ አስቤው ነበር።

ለሂዊ አምና የሸመኑትን ሰጠኋት፤ ደስ ብሏት ወሰደች። አዲሱ እኔ ዘንድ ነው፣ ለማንም አላሳየሁትም። የጨነቀኝ ዓይንዎ ነው እንጂ ልብሱ አይደለም። በቪዲዮ ስናወራ ስልኩን አፍንጫዎ ድረስ አስጠግተው ሲያዩኝ፣ እኔ ናፍቆት መስሎኝ ነበር።

አባታችን ሲያርፉ የሽመና መወርወሪያቸውን አንሥተው ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት። ዛሬ አንዲት ነገር ልዘዝዎት። ጨለም ያለውን ፎቶ አሳትሜ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። በቀን፣ ደጅ ወጥተው ይዩትና ክሩ ስንት ቦታ እንደዘለለ ቆጥረው ይላኩልኝ። ልጅዎ ሚጣ እንዳትነግርዎት። የእኔን ቁጥር ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ፣ እዚህ አልጽፈውም። ከገጠመ እንደ ልብዎ ይስደቡኝ። ካልገጠመ ግን አዲስ ድር ሳይዘረጉ ልጅዎ ዓይን ሐኪም ዘንድ ትወስድዎታለች።

እትዬ መነንን ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ። ደብዳቤውን የሚያደርሰው አቶ ሠረቀብርሃን ምሳ ሳይበላ እንዳይሄድ። ሔራን እጅ ነሥታለች፤ በአማርኛ ነው ያለችው።

ሚጣዬ፣ አንቺንም ስሜሻለሁ። ይህን የምታነቢላቸው አንቺ ከሆንሽ ግን፣ መቁጠሩ ይቅርና ነገ ጠዋት ውሰጃቸው።

እኅትዎ እታለማሁ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.